«ፍርሃቶች»፤ የአንድ ሲምፎኒና የአንድ ሸክላ ታሪክ

በኛ አገር ሙዚቃ ፍርሃት ከተነሣ ብዙውን ጊዜ ለስድብ ነው። ፎካሪው ሲፎክር፣ አዝማሪው ቀረርቶውን ሲያወርድ ፈሪ የሚባለው ሁልጊዜ ሌላው ሰው ነው፤ ወይ ጠላት ነው፣ ወይ ከዘመቻው ቀርቶ ምድጃ ሥር የተቀመጠ ጎረቤት ነው። «ፈራሁ» ብሎ ስለራሱ የሚያዜም ወንድ ማን ይሰማዋል? (የፍቅር ዘፈን ካልሆነ፤ እዚያማ ሁሉም ፈሪ ነው።) ስለዚህ ርእሱ ራሱ «ፍርሃቶች» የተባለ ሙዚቃ አለ ሲባል ጆሯችን በመጀመሪያ ነገሩን አልቀበል ቢል አይገርምም። ሙዚቃው ግን አለ። የሶቪየቱ አቀናባሪ የዲሚትሪ ሾስታኮቪች ዐሥራ ሦስተኛው ሲምፎኒ አራተኛ ክፍል ነው። ሥራው ስለ ፍርሃት ይናገራል፤ ከዚያም አልፎ እሱን ለማሰማት በተደረገው ሩጫ ውስጥ ማን ፈራ፣ ማን አልፈራም የሚለው ጥያቄ በዕለቱ፣ በሰዓቱ ተፈትኗል። ይህን ያህል የተፈተነ ሙዚቃ እምብዛም አላውቅም።

ዘመኑን የምቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከሰውየው እንጀምር። ሾስታኮቪች በ1906 ዓ.ም. ተወለደ፤ ገና በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በጻፈው አንደኛ ሲምፎኒ ስሙ ከአገሩ ወጣ። በጥር 1936 ስታሊን «የምጼንስክ ወረዳዋ ሌዲ ማክቤዝ» የሚባለውን ኦፔራውን ሊያይ መጣና ሳያልቅ ተነሥቶ ሄደ። ከሁለት ቀን በኋላ ፕራቭዳ ጋዜጣ ሥራውን «ሙዚቃ ሳይሆን ትርምስ» ሲል በርእሰ አንቀጽ አወረደው። ጸሐፊው አልተገለጸም፤ አለመገለጹ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ አራተኛ ሲምፎኒው በልምምድ ላይ እንዳለ እንዲነሣ ተደረገ። ሃያ አምስት ዓመት በመሳቢያ ተቀመጠ። በቀጣዩ ዓመት ወዳጁና ደጋፊው የነበረው ማርሻል ቱኻቼቭስኪ ተረሸነ። ሾስታኮቪች በዚያን ጊዜ ትንሽ ሻንጣ አሰናድቶ ሊወስዱት የሚመጡትን ይጠብቅ ነበር ይባላል። በሌሊት በር መንኳኳት ምን እንደሆነ ለኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

አልወሰዱትም። በ1937 መጨረሻ አምስተኛ ሲምፎኒው በሌኒንግራድ ተሰማ፤ ኦርኬስትራውን የመራው ገና ብዙ ስም ያልነበረው የቭጌኒ ምራቪንስኪ ነበር። ሕዝቡ አለቀሰ፣ ረጅም ጭብጨባ አጨበጨበ። ከዚያች ማታ ጀምሮ የሁለቱ ሰዎች ስም ተያያዘ፤ ስድስተኛውን፣ ስምንተኛውን፣ ዘጠነኛውን፣ ዐሥረኛውን፣ ዐሥራ ሁለተኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማው ምራቪንስኪ ነው። ስምንተኛውማ ለሱ የተበረከተ ነው። ይህን ወዳጅነት አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1948 ደግሞ ዝዳኖቭ የመራው ሁለተኛው ዘመቻ መጣ። ሾስታኮቪች «ፎርማሊስት» ተባለ፤ ከሞስኮም ከሌኒንግራድም የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ የማስተማር ሥራው ተነጠቀ። በዓመቱ የሶቪየት ልዑክ ሆኖ ኒው ዮርክ ለሰላም ጉባኤ ተላከ። እዚያ የሚያደንቀው የስትራቪንስኪ ሙዚቃ በአገሩ መወገዙን ትስማማበታለህ ወይ ተብሎ በአደባባይ ሲጠየቅ፣ እስማማለሁ ብሎ መለሰ። በ1960 ፓርቲው ውስጥ እንዲገባ ተገፋፍቶ አመለከተ፤ ወዳጁ ኢሳክ ግሊክማን በዚያ ሰሞን እንደ ሕፃን ሲያለቅስ እንዳገኘው ጽፏል። እንግዲህ ስለ ፍርሃት የጻፈው ጀግና አይደለም። የሚያውቀውን ነገር ነው የጻፈው።

አሁን ወደ ግጥሙ። በመስከረም 1941 ጀርመኖች ኪየቭን ከያዙ በኋላ ባቢ ያር በሚባል ገደል አፋፍ በሁለት ቀን ውስጥ 33,771 አይሁዶችን ረሸኑ፤ ቁጥሩ ከራሳቸው ሪፖርት የተገኘ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ቦታው ሐውልት አልቆመለትም። የሞቱት «የሶቪየት ዜጎች» ናቸው ተብሎ፣ አይሁድ የሚለው ስም ሳይነሣ ታለፈ። ጭራሽ የከተማው አስተዳደር ገደሉን ከጡብ ፋብሪካ በሚወጣ ጭቃ ሊሞላው ጀመረ፤ በመጋቢት 1961 ግድቡ ተደርምሶ ጭቃው በታች ያለውን ሰፈር ዋጠው። መንግሥት የሞቱት 145 ናቸው አለ፤ ኋላ ጉዳዩን ያጠኑት ሰዎች ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ይበልጣል ይላሉ። በዚያው ክረምት ወጣቱ ገጣሚ የቭጌኒ የቭቱሼንኮ ቦታውን ሊያይ ሄደ፤ አብሮት የነበረው ልጅነቱን እዚያ ያሳለፈው ደራሲ አናቶሊ ኩዝኔጾቭ ነው። ያዩት መታሰቢያ ሳይሆን ቆሻሻ የሚደፉ የጭነት መኪናዎች ነበር።

ገጣሚው ወዲያው ጻፈ። ግጥሙ በመስከረም 19 ቀን 1961 ሊቴራቱርናያ ጋዜጣ ላይ ወጣ። የቭቱሼንኮ ኋላ እንዳወራው፣ ዋና አዘጋጁ ቫሌሪ ኮሶላፖቭ ግጥሙን ካነበበ በኋላ ቆይ አለውና ሚስቱን ሊያማክር ሄደ። ማተሙ ከሥራ እንደሚያስወጣው ያውቅ ነበርና ውሳኔው የቤተሰብ ነው አለ። ሚስቲቱም ይታተም አለች፤ ታተመ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ አብልጬ የምወዳት እቺን ስሟ እንኳ የማይጠቀሰውን ሴትዮ ነው።

ሾስታኮቪች ግጥሙን ያገኘው እንደማንኛውም አንባቢ ነው። በ1962 መጀመሪያ ለባስ ድምፅ፣ ለወንዶች መዘምራንና ለኦርኬስትራ አቀናበረው፤ ከዚያ ለገጣሚው ስልክ ደውሎ እንዲፈቅድለት በትሕትና ጠየቀ። ሲፈቀድለት ሥራው ቀድሞ አልቆ ነበር። በበጋው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሌሎች አራት ግጥሞች ጨመረና ሐምሌ 20 ቀን ባለ አምስት ክፍል ሲምፎኒ አድርጎ ፈጸመው። አንደኛው «ባቢ ያር»፤ ሁለተኛው «ቀልድ»፣ አምባገነን ሊያስረው የማይችለው ሳቅ፤ ሦስተኛው «በሱቅ ውስጥ»፣ በብርድ ተሰልፈው የሚጠብቁ ሴቶች፤ አራተኛው «ፍርሃቶች»፤ አምስተኛው «ሥራና ሹመት» ልንለው የምንችለው። ከአምስቱ ግጥሞች አቀናባሪው ጠይቆ ለሲምፎኒው ተብሎ የተጻፈው አራተኛው ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌሎቹን መርጧቸዋል፤ ይኼኛውን ግን አዝዞ አስጽፎታል።

«ፍርሃቶች» ሲጀምር ዜማ የሚባል ነገር የለም። ዝቅተኞቹ ባለ አውታር መሣሪያዎች አንድ ቦታ ላይ ሳይነቃነቁ ይቆያሉ፤ በላያቸው ቱባ የሚባለው ትልቁ የናስ ጥሩምባ ብቻውን፣ በጣም በቀስታ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳ እየዳበሰ እንደሚሄድ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል። ቱባ በኦርኬስትራ ውስጥ ብዙ ጊዜ ለድምቀት የሚጠራ መሣሪያ ነው፤ እዚህ ግን እንዲያንሾካሹክ ታዟል። መዘምራኑም ሲገቡ በአንድ ኖታ ላይ ያጉተመትማሉ፤ ሰው እንዳይሰማቸው የሚነጋገሩ ይመስላሉ። ቃሉ የሚለው በሩሲያ ፍርሃት እየሞተ ነው ነው። ሙዚቃው ግን አይመሰክርለትም! ግጥሙ ፍርሃት አለፈ ሲል ከሥሩ ያለው ድምፅ «የለም፣ ገና እዚሁ ነኝ» ይላል። ከዚያ ገጣሚው የድሮውን ይዘረዝራል፤ ስም የለሽ ጥቆማን መፍራት፣ የበር መንኳኳትን መፍራት፣ ከውጭ አገር ሰው ጋር መነጋገርን፣ ብሎም ከገዛ ሚስት ጋር ማውራትን መፍራት። በመሐል ሰልፈኛ የሚያስኬድ ዓይነት ዜማ ይነሣል፤ በጦር ሜዳ ጥይት ያልፈራ ሰው ቤቱ ገብቶ ለራሱ ማውራት እንደፈራ የሚናገረው እዚያ ላይ ነው። የሁለቱ ዓይነት ድፍረት ልዩነት ይኼው ነው። የኛ ፉከራ የሚያውቀው አንደኛውን ብቻ ይመስለኛል።

የመጨረሻው ክፍል ስለ ጋሊሊዮ ነው፤ በሱ ዘመን ሌላ ሊቅ ነበር፣ እውነቱን ያውቃል፣ ነገር ግን ቤተሰብ አለውና ዝም አለ። ሙዚቃው በዚህ ሰው ላይ ይስቃል፤ ሳቁ ግን የዋህ ሳቅ ነው፣ ዋሽንቶቹ የሚያሽካኩበት።

ታዲያ ሲምፎኒው አልቆ ሊሰማ ሲል ሊቁ ሰውዬ በየቦታው ብቅ ማለት ጀመረ።

መጀመሪያ ዘፋኙ። ሾስታኮቪች የፈለገው የኪየቩን ታላቅ ባስ ቦሪስ ግሚርያን ነበር። ግሚርያ የዩክሬንን የፓርቲ ሰዎች አማክሮ አይሆንልኝም የሚል መልስ ሰጠ። ሰውየውን ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ በጀርመን ወረራ ጊዜ በተያዘችው ዩክሬን ቀርቶ የዘፈነ ነው። ያ ያለፈ ታሪኩ በማናቸውም ቀን ከመዝገብ ቤት ተስቦ ሊወጣ የሚችል ነበር፤ በዚህ ላይ ስለ ኪየቭ እልቂት ዝፈን ሲሉት ምን ይበል? ቀጥሎ የቦልሾይ ቲያትር ባስ አሌክሳንደር ቬደርኒኮቭ ተጠየቀ፤ ግጥሙን አይቶ መለሰው።

ከዚያ ምራቪንስኪ። ከሃያ አምስት ዓመት ወዳጅነት በኋላ ዐሥራ ሦስተኛውን አልመራም አለ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ የመዘምራን ሥራ አልመራም ብሏል ይባላል፤ ይህ እንኳ አያስኬድም፣ ምክንያቱም በ1949 የዚሁ የሾስታኮቪችን «የጫካዎች መዝሙር» ከነመዘምራኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማው ራሱ ምራቪንስኪ ነው። ያ ግን ስታሊንን የሚያመሰግን ሥራ ነበር። ሌሎች ደግሞ ሚስቱ በጠና ታማ ስለነበር ነው ይላሉ፤ መታመሟም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ መሞቷም እውነት ነው። ምናልባት ሁለቱም አለበት። ሰው የሚፈራበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ አይደለም፣ ከደህና ምክንያት ጋር ተጠቅልሎ ይመጣል። ሾስታኮቪች ግን ክፉኛ ተጎዳ፤ ወዳጅነታቸውም እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ሥራውን የተቀበለው ኪሪል ኮንድራሺን ነው። በመሳቢያ የኖረውን አራተኛ ሲምፎኒ በታኅሣሥ 1961 ያሰማውም እሱ ነበር። ኮንድራሺን ብልህ ሰው ነው፤ ሁለት ዘፋኝ አዘጋጀ፤ ዋናው የቦልሾዩ ቪክቶር ኔቺፓይሎ፣ ተጠባባቂው ብዙም የማይታወቀው ቪታሊ ግሮማድስኪ።

ጊዜው እየከፋ ሄዷል። በኅዳር 1962 የሶልዠኒትሲን «የኢቫን ዴኒሶቪች አንድ ቀን» ታትሞ አገሩ ሁሉ በር ተከፈተ ብሎ ነበር። በታኅሣሥ 1 ቀን ግን ክሩሽቾቭ በማኔዥ አዳራሽ የሥዕል ኤግዚቢሽን አይቶ በሠዓሊዎቹ ላይ ጮኸ፤ በ17ኛው ቀን አርቲስቶችንና ጸሐፊዎችን ሰብስቦ ገሠጸ። ጎባጣን የሚያቀናው መቃብር ብቻ ነው የሚለውን የሩሲያ ምሳሌ ሲጠቅስ፣ የቭቱሼንኮ ተነሥቶ በመቃብር የማቃናቱ ዘመን አልፏል የሚል መልስ እንደሰጠው ይነገራል። ስብሰባው በተበተነ ማግሥት፣ ማክሰኞ ታኅሣሥ 18 ቀን፣ በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 9 ቀን 1955 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሲምፎኒው በሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ትልቁ አዳራሽ ሊሰማ ተቀጥሯል።

ጠዋት የመጨረሻው ልምምድ ሊጀመር ሲል ኔቺፓይሎ የለም። በዚያው ማታ በቦልሾይ ታሞ የቀረ ዘፋኝ ስላለ «ዶን ካርሎስ» ላይ ተተካ ተብሎ ታዟል። እንዲህ ዓይነት ሕመም መቼ እንደሚመጣ ያው ይታወቃል። ግሮማድስኪን ቤቱ ስልክ የሌለው ሰው ነበርና ፈልጎ ማግኘት ራሱ ጭንቅ ሆነ። መጣ፤ ዘፈነ። በእረፍት ሰዓት ኮንድራሺን ለስልክ ተጠራ። የደወለው የሩሲያ ሪፐብሊክ የባህል ሚኒስትር ፖፖቭ ነው። ጤናህ እንዴት ነው፣ ማታውን ለመምራት የሚያግድህ ነገር አለ ወይ፣ ሲምፎኒው ያለ አንደኛው ክፍል ሊሰማ አይችልም ወይ? ኮንድራሺን ጤነኛ ነኝ አለ፤ አይቻልም አለ። ሚኒስትሩ ትንሽ ዝም ብሎ እንደመሰለህ አድርግ ብሎ ዘጋ። ትእዛዝ አልሰጠም። እኔ ስልኩ ውስጥ ይበልጥ የሚሰማኝ የሚኒስትሩ ፍርሃት ነው፤ ከልካይ ተብሎ መጠራትንም ፈርቷል።

የመዘምራኑም ጉልበት ተናውጦ ነበር፤ የቭቱሼንኮ አነጋግሮ ነው ያቆያቸው። ሊያሠራጩ ተተክለው የነበሩ የቴሌቪዥን ካሜራዎች ተነቀሉ። ማታ አዳራሹ ሞልቶ ሲጠባበቅ የመንግሥት ሰዎች ሎጅ ባዶ ነበር፤ የግጥሞቹ ቃል በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ አልታተመም። ሾስታኮቪች ለግሊክማን፣ ሕዝቡ ቢጮህብኝ፣ ቢተፋብኝ፣ እንዳትከላከልልኝ፣ ሁሉንም እችለዋለሁ የሚል ቃል ነግሮት ነበር። አልተፋበትም። ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ጭብጨባ ተነሣ፤ ሲያልቅ አዳራሹ ቆሞ ጮኸ። በማግሥቱ ፕራቭዳ ስለ ኮንሰርቱ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ አወጣ።

በ20ኛው ቀን ተደገመ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ቃሉ ካልተለወጠ መሰማቱ ይቀራል ተባለ። የቭቱሼንኮ ስምንት ስንኝ ለወጠ። ገጣሚው ራሱን አይሁዳዊ አድርጎ የሚያስብባቸው መስመሮች ወጥተው በምትካቸው እዚያ ገደል ሩሲያውያንና ዩክሬናውያንም አብረው እንደሚገኙ፣ ሩሲያም የፋሺዝምን መንገድ እንደዘጋች የሚሉ ገቡ። ነገሩ እንደ ታሪክ ሐሰት አይደለም፤ ባቢ ያር ላይ ኋላ ሌሎችም ተገድለዋል። ግን የገባበት ምክንያት እውነት ለመጨመር ሳይሆን እውነት ለመሸፈን ነው። ሾስታኮቪች ለአዲሶቹ ቃላት ብሎ ኖታውን አልቀየረም። ቃሉን ግን እንዲለወጥ ፈቀደ። ኮንድራሺንም አሰማው። ደፋር ያልናቸው ሰዎች ድፍረታቸው ሁለት ማታ ቆየ ማለት ነው፤ ይህን ስል ለማቃለል አይደለም፣ ሁለት ማታ በዚያ አገር ብዙ ነበር።

ሲምፎኒው በሶቪየት አገር አልታገደም፤ ዝም ተባለ እንጂ። አልፎ አልፎ ይሰማል፣ አይወደስም፣ አይወራም። በምዕራብ አገር የደረሰውም በጎን ነው። በክር የተቀዳ የኮንድራሺን ኮንሰርት ሾልኮ ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ ኤቨረስት የሚባል ርካሽ ሸክላ የሚያሳትም ኩባንያ አወጣው፤ ዘፋኙ ግሮማድስኪ ነው፣ ድምፁ ሻካራ፣ የአዳራሽ ሳል ያለበት። በ1970 የፊላደልፊያው ዩጂን ኦርማንዲ ከፊንላንዱ ባስ ቶም ክራውዘ ጋር በአሜሪካ አሰማውና በጥሩ ቅጂ ሸክላ ሆነ። የአገሩ መንግሥት ኩባንያ ሜሎዲያም ኮንድራሺን የመራውን፣ አርቱር ኤይዘን የዘፈነበትን ቅጂ አወጣ፤ በተለወጠው ቃል። ስለዚህ ለብዙ ዓመት በሸክላ ስለ ፍርሃት የሚዘምረው ሙዚቃ ራሱ የፈራ ቃል ይዞ ይዞር ነበር። «ፍርሃቶች» አራተኛ ክፍል ነውና አድማጭ እዚያ የሚደርሰው የተሸፈነውን የመጀመሪያ ክፍል አልፎ ነው።

ሾስታኮቪች ከዚያ በኋላ ጀግና ሆነ ለማለት የሚፈልጉ አሉ። ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ «ምስክርነት» የሚል መጽሐፍ በውጭ አገር ታትሞ ሰውየው በድብቅ ተቃዋሚ እንደነበር አሳየ፤ የመጽሐፉ እውነተኛነት እስከ ዛሬ ሊቃውንቱን ያጣላል። እኔ ግን መጽሐፉ ቢኖርም ባይኖርም በመስከረም 1973 በፕራቭዳ የወጣው ሳኻሮቭን የሚያወግዝ ደብዳቤ ሥር ስሙ እንዳለ አልረሳም። «ፍርሃቶች»ን ያስጻፈው እጅና ከዚያ ደብዳቤ ጋር የተያያዘው ስም የአንድ ሰው ናቸው። ይህን ከሁለት አንዱን በመደበቅ የሚፈቱት ሁሉ ሙዚቃውን ያሳንሱታል። ፈሪ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው ያንን ቱባ የጻፈው፤ በሰው ላይ የሚፎክር ሰው ቢሆን ኖሮ በከበሮና በመለከት ይጀምረው ነበር።

ምራቪንስኪ እስከ 1988 ድረስ በሌኒንግራዱ ኦርኬስትራ ላይ ኖሮ ሞተ፤ ሲምፎኒዎቹን ይመራ ነበር፣ ዐሥራ ሦስተኛውን ሳይነካ። ኮንድራሺን በታኅሣሥ 1978 ለኮንሰርት ሆላንድ ሄዶ አልመለስም ብሎ ቀረ፤ በመጋቢት 1981 አምስተርዳም ውስጥ ሞተ። ከሄደ በኋላ በአገሩ ስሙ ይሰረዝ ጀመር።

በታኅሣሥ 20 ቀን 1962 ማታ፣ ማለት በሁለተኛው ኮንሰርት፣ ቃሉ ገና ሳይለወጥ፣ አንድ የመቅጃ መሣሪያ ይሠራ ነበር። ያ ክር ተቀምጦ ኖሮ ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ በ1990ዎቹ በሲዲ ወጣ። የቅጂው ጥራት ደካማ ነው፣ መዘምራኑ አንዳንድ ቦታ ይፈጥናሉ። ግሮማድስኪ ግን አራተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ድምፁን እንዲያው ዝቅ አድርጎ ይዞ፣ ስለ በር መንኳኳት ያለውን መስመር የሚያወራ እንጂ የሚዘፍን ሳይመስል ያልፈዋል፤ አዳራሹም በዚያ ቦታ አይስልም።